ነርሷ በራሷ ጊዜ ትማር ሲባል ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

እህቴ የደወለችልኝ እሑድ ማታ ነው። «ላፕቶፕህ አጠገብህ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። «እንግዲያው አንድ ፒዲኤፍ ልልክልህ ነው፤ ክፈተውና ጠይቀኝ።» ምኑን ነው የምጠይቅሽ ስላት ሳቀች። ሳቋ ግን የድካም ሳቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ነርስ ናት። ሰባት ዓመት የሠራችው በቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው። ቁስል መጥረግ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ከኦፕሬሽን የወጣ ሰው ሲነቃ አጠገቡ መገኘት፤ ይኼን ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። በዚያ ሰሞን ግን አዲስ የምደባ ዝርዝር ተለጠፈና ስሟን ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ካለችው ጠረጴዛ አንፃር ተጽፎ አገኘችው። ትሪያጅ። ሥራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ይጀመራል። ዝግጅቱስ? ዝግጅቱ በቴሌግራም ግሩፕ የተላከ ረጅም የእንግሊዝኛ ሰነድ ነው። ከሥሩ «ሁላችሁም አንብባችሁ ማንበባችሁን በፊርማ አረጋግጡ» የሚል መልእክት አለው። ሥልጠናው ይኼው ነው።

መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ደም ሳይ የሚያዞረኝ ሰው ነኝ። ግን ለሁለት ሳምንት በየማታው ከሦስት ሰዓት በኋላ በስልክ እየጠየቅኳት፣ እሷ ስትመልስ እኔ ከገጹ ላይ እያየሁ ሳርም፣ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ ትሪያጅ የሚባለው ሥራ ከማስበው በላይ ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ «ነርሶች ራሳቸውን በራሳቸው ያስተምሩ» የሚለው ሐሳብ በራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎው ነገር ነፃ ነው ተብሎ መታሰቡ ነው።

እስቲ ከሥራው እንጀምር። ትሪያጅ ማለት ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ ሰዎችን በመጡበት ተራ ሳይሆን በሕመማቸው አጣዳፊነት ማስቀደም ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መለየት፣ መምረጥ እንደማለት ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞችን በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት እያስቀደመ ያክም ስለነበር ስሙ ከዚህ አሠራር ጋር ይነሳል። ማዕረግ አይታይም የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለእህቴ የተላከው ሰነድ መሠረቱ የደቡብ አፍሪካ የትሪያጅ ሚዛን ነው። ይኼን ሚዛን እ.ኤ.አ. በ2004 በኬፕ ታውን የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ናቸው መሥራት የጀመሩት። ያሰቡት ሐኪም ስለሚያንስበት፣ ታካሚ ስለሚበዛበት፣ በሩ ላይ የምትቀመጠው ነርስም ገና ብዙ ልምድ ላይኖራት ስለሚችል ሆስፒታል ነው። እኛን ነው እንዴ ያሰቡት ያሰኛል። ነርሷ ሰባት ነገር ታያለች፦ ታካሚው እንዴት ነው የመጣው (በእግሩ፣ በድጋፍ ወይስ በቃሬዛ)፣ ትንፋሹ፣ የልብ ምቱ፣ የላይኛው የደም ግፊቱ፣ ሙቀቱ፣ ንቃቱ፣ እና የአደጋ ጉዳት አለበት ወይ የሚለው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፣ ይደመራል። ከ0 እስከ 2 አረንጓዴ፣ 3 እና 4 ቢጫ፣ 5 እና 6 ብርቱካናማ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ቀይ። ቀይ አሁኑኑ ይታከማል፤ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ በአራት ሰዓት ውስጥ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ገቡ እንበል። አንደኛው ከሞተር ሳይክል ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ጎረምሳ ነው፤ ይጮኻል፣ ሦስት ጓደኞቹም አብረውት ይጮኻሉ። ሁለተኛው ልጃቸው ደግፋ ያመጣቻቸው አዛውንት ናቸው፤ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደከመኝ እንጂ» ብለው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ያልሠለጠነ ዓይን ወደ ማን እንደሚሮጥ ግልጽ ነው። አሁን እንደምር። አዛውንቱ በድጋፍ ነው የመጡት፣ 1። ትንፋሻቸው በደቂቃ 26፣ ያ 2 ነው። የልብ ምታቸው 118፣ እሱም 2። የላይኛው የደም ግፊታቸው 98፣ 1። ሙቀታቸው ደህና ነው፣ ንቁ ናቸው፣ አደጋ አልደረሰባቸውም፤ ሁሉም ዜሮ። ድምሩ 6። ብርቱካናማ ናቸው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሐኪም ፊት መድረስ አለባቸው። ጎረምሳው በእግሩ ገብቷል፣ 0። ትንፋሹ 18፣ 1። የልብ ምቱ 96፣ 0። ግፊቱም ሙቀቱም ምንም አይልም። አደጋ ስለደረሰበት 1። ድምሩ 2፤ በነጥብ ብቻ ከሄድን አረንጓዴ ነው። ሰነዱ ግን በነጥብ ብቻ አትሂጂ ይላል። ከነጥቡ ሌላ ቀለሙን ከፍ የሚያደርጉ ምልክቶች ዝርዝር አለ፤ ቆዳ ያልቀደደ ስብራት ቢያንስ ቢጫ ያደርጋል። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ይወጣል። ስለዚህ እየጮኸም ቢሆን ምን ያህል እንደሚያመው በትዕግሥት መጠየቅ አለባት።

ይኼን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እያየ፣ ስልክ እየጮኸ ነው የምትሠራው።

በነገራችን ላይ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የመጀመሪያውን ትሪያጅ የሚሠራው ነርሷም ሐኪሙም አይደሉም፤ በሩ ላይ የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። «ይኼ ኢመርጀንሲ ነው፣ ይኼ ካርድ ያውጣ» የሚለው እሱ ነው። ሁለተኛው ካርድ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ነው። ነርሷ ሦስተኛ ናት። ስለ ሥልጠና ስናወራ ግን እነዚህን ሁለቱን ማንም አያነሳቸውም።

አሁን ወደ ራስን ማስተማሩ እንምጣ። ትሪያጅ በራስ ጥናት ሊለመድ ይችላል ወይ? በግማሹ፣ አዎ። እንዲያውም ከብዙ የሕክምና ሙያዎች ይልቅ ለዚህ ይመቻል ባይ ነኝ። ምክንያቱም የሥራው እምብርት ያው አንድ ዓይነት ውሳኔ ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ታያለሽ፣ ቀለም ትሰጫለሽ። ሰነዱን እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ሳይሆን መቶ የታካሚ ታሪክ እየወሰዱ መቶ ጊዜ መወሰን፣ ከዚያ ስህተትን ማየት ነው የሚያስተምረው። ለዚህ ደግሞ አዳራሽ አያስፈልግም።

እህቴ መጀመሪያ ላይ ሰነዱን ሁለት ጊዜ አንብባው ነበር። «ገብቶኛል» አለችኝ። ስጠይቃት ከአሥር ታካሚ አራቱን አሳሳተች። ይኼ የእሷ ችግር ብቻ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንዱ የተማሪ ቡድን ጽሑፍ አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ የሚያስታውሰውን ከራሱ አውጥቶ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶውን ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶውን አስታወሱ። «አንብባችሁ ፈርሙ» የሚለው ሥርዓት እንግዲህ የሚለካው ያቺን የአምስት ደቂቃ ዕውቀት ነው። ፊርማው ለኦዲት ይጠቅም ይሆናል። ለአዛውንቱ አይጠቅምም።

ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። እኔ ይኼን ሳልጠይቃት በፊት አስቤውም አላውቅ። ሰነዱ ቀለሙን ከፍ ከሚያደርጉት ምልክቶች አንዱ የደረት ሕመም ነው ይላል፤ ድምሩ 1 ቢሆን እንኳ ደረቱን የሚያመው ሰው ብርቱካናማ ነው። ጥሩ። ግን እኛ ሀገር ማን ነው «የደረት ሕመም አለኝ» ብሎ የሚመጣው? «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይላል። «ውጋት ያዘኝ» ይላል። «ልቤን አፈነኝ»፣ «ነፍሴን ጨነቃት»፣ «ነፋስ መታኝ»፣ «ሰውነቴ ከዳኝ» ይላል። አንዷ እናት «ሆዴ ነው፣ ቃጠሎው እስከ ትከሻዬ ይወጣል» ስትል ነርሷ በአእምሮዋ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ዝርዝር፣ ከዝርዝሩ ወደ ቀለም መተርጎም አለባት። እህቴ በምትሠራበት አካባቢ ደግሞ ግማሹ ታካሚ የሚናገረው ኦሮምኛ ስለሆነ ትርጉሙ ሁለት እጥፍ ነው። ሰነዱ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም። ሊኖርም አይችልም፣ የተጻፈው ለእኛ አይደለማ። ይኼንን የሚያውቁት ሃያ ዓመት በር ላይ የቆሙ ነርሶች ናቸው። እነሱን አስቀምጦ «በዚህ ሆስፒታል የልብ ድካም ያለበት ሰው ምን ብሎ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠይቆ መጻፍ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። የትም አላየሁትም።

በራስ ጥናት የማይለመደው ግማሽስ? አንዱ ትንፋሽ መቁጠር ነው። ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው ግን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ያባዛል። በ15 ሰከንድ ውስጥ አንዲት ትንፋሽ ስታመልጥሽ በደቂቃ አራት አመለጠሽ ማለት ነው። 24 የነበረው 20 ይሆናል፣ ሁለት ነጥብ የነበረው አንድ ይሆናል፣ ብርቱካናማው ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ አሥር ደቂቃው አንድ ሰዓት ይሆናል። ይኼን ከፒዲኤፍ ላይ ማወቅ ይቻላል፤ ሰው ሲጮኽብሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰዓት እያየሽ መቁጠርን ግን አጠገብሽ የቆመ ሰው ነው የሚያስለምድሽ።

ሁለተኛው ቅድም ያዙልኝ ያልኩት የማዕረግ ነገር ነው። «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» የሚለው ሰው ሲመጣ ምን ይደረጋል? የሰው ሰው ሲመጣ? አለቃ ደውሎ «የኔን እንግዳ ቶሎ አሳይልኝ» ሲል? ሰነዱ ዝም። አንድ ማታ እህቴን ለማለማመድ ባለሥልጣን ሆኜ በስልክ ጮኽኩባት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ «ተራህ እንደ ሕመምህ ነው፣ አሁን ከአንተ የባሰ ሰው አለ፣ ከባሰብህ ግን ወዲያው ንገረኝ፣ እንደገና አይሃለሁ» አለች። ጥሩ መልስ ነው። ነገር ግን ስልክ ላይ ነው፣ የምትናገረውም ለታናሽ ወንድሟ ነው።

ስታትስቲክስ ስንማር ሁለት ዓይነት ስህተት አለ ብለውን ነበር። እዚህም ያው ነው። ቀላሉን ከባድ ብሎ ማስገባት አለ፣ ከባዱን ቀላል ብሎ ማሳለፍ አለ። ዋጋቸው እኩል አይደለም። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለአደጋ ጉዳተኞች ባወጣው መለኪያ ከባዱን ቀላል የማለት ስህተት ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይፈለጋል፤ ቀላሉን ከባድ የማለት ስህተት ግን ከ25 እስከ 35 በመቶ ድረስ ይታገሡታል። ማለትም ሥርዓቱ ራሱ «ከተጠራጠርሽ ከፍ አድርጊ» ይላል። ብቻዋን የተማረች ነርስ ግን ከፍ ለማድረግ ትፈራለች። ለምን ቢባል፣ ሐኪሙ ወጥቶ «ይኼን ነው እንዴ ብርቱካናማ ያልሽው?» ብሎ በሰው ፊት ሲያሳፍራት የሚከላከልላት የለም። ሥልጠና አብራ የወሰደች ሁሉ፣ ሐኪሙም ጭምር፣ ያንኑ ደንብ ካላወቀው የአንዷ ዕውቀት ዋጋው ይወርዳል።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ። ሁላችንም የምናውቀውን እናውራ። በሀገራችን ሥልጠና ማለት ለረጅም ጊዜ አበል ማለት ነበር። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል፣ ሦስት ወይም አምስት ቀን፣ ሻይ ዕረፍት፣ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር፣ መጨረሻ ላይ ፖስታ። ደመወዙ ለማይበቃው ባለሙያ አበሏ የቤት ኪራይ ናት፤ በዚህ የሚስቅ ካለ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበትን ያስታውስ። ችግሩ አበሉ መኖሩ አይደለም። ችግሩ አበል ያለበት ሥልጠና ላይ የሚሄደው ሰው የሚመረጠው በሥራው ሳይሆን በቅርበቱ መሆኑ ነው። የትሪያጅ ሥልጠና ላይ ትሪያጅ ጠረጴዛ ጋር ተቀምጦ የማያውቅ ኃላፊ ይላካል፤ ተመልሶ «ለሌሎች ያካፍላል» ይባላል። ማካፈሉ የአንድ ከሰዓት ፓወር ፖይንት ነው። የሌሊት ተረኛዋ ያን ከሰዓት ተኝታለች።

ከዚህ አንፃር የራስ ጥናት ትልቅ ነገር አለው። ለሌሊት ተረኛዋም ይደርሳል። ትናንት ለተቀጠረችውም ይደርሳል። በቅርበት አይታደልም። ሰዓቱም ደርሷል፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታውን ካገደ ወዲህ በውጭ ገንዘብ የሚደረግ ሥልጠናን እንደ ድሮው መጠበቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት የመሠረታዊ ድንገተኛ ሕክምና ማስተማሪያ ማንም በነፃ የሚያወርደው ነው። ልብ በሉ ግን፣ እነሱ ራሳቸው መጽሐፉን ብቻ አልለቀቁትም፤ በተለምዶ አምስት ቀን ከሚወስድ በእጅ ከሚሠራ ልምምድ ጋር ነው የሚሰጠው።

የኔ ጠብ «ነፃ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። አንድ ሆስፒታል 30 ነርሶች እያንዳንዳቸው 20 ሰዓት አጥንተው ይምጡ ቢል 600 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ብናሰላው 75 የሥራ ቀን። ይኼ የሰው ጉልበት ከየትም አልመጣም፤ ከነርሶቹ እንቅልፍ፣ ከልጆቻቸው የቤት ሥራ፣ በግል ክሊኒክ ተጨማሪ ከሚሠሩበት ሰዓት ተቆርጦ ነው የመጣው። ለዚያ ክሊኒክ ያልሠሩበት ሰዓት ገንዘብ ነው። የኢንተርኔት ፓኬጁም የራሳቸው ነው። የሆቴሉ ሥልጠና ወጪ በበጀት መዝገብ ላይ ይታይ ነበር። ይኼኛው አይታይም፣ ልዩነቱ ያ ብቻ ነው። ወጪ ከመዝገብ ላይ ስለጠፋ ጠፋ አይባልም። አንደኛ ዓመት የተማርነው ነው።

አንድ ኃላፊ ይኼን ሳነሳ «ነገ ጥላን ለምትሄድ ሰው ለምን እከፍላለሁ?» ብሎኝ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር ንድፈ ሐሳቡ ከእሱ ጋር ነው። ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ስለ ሰው ካፒታል በሚያትተው መጽሐፉ፣ የትም ይዞት ሊሄድ ለሚችለው አጠቃላይ ሙያ አሠሪው መክፈል አይፈልግም፣ ሠራተኛው ራሱ ነው ዋጋውን የሚሸከመው ይላል። ትሪያጅ የትም የሚወሰድ ሙያ ነው። ግን እኚህ ሰው የግል ፋብሪካ አይደለም የሚመሩት። ነርሷ ከዚህ የመንግሥት ሆስፒታል ወደዚያኛው ብትዛወር ዕውቀቷ ከመንግሥት እጅ አልወጣም። የአንድ ሆስፒታል ኪሳራ የሌላው ትርፍ ነው። ስለዚህ ለጥናቱ ሰዓት መክፈል ያለበት እያንዳንዱ ሆስፒታል ከሌለው በጀት ቆንጥሮ ሳይሆን፣ ሁሉንም የሚያየው የክልል ጤና ቢሮ ወይም ሚኒስቴሩ ነው።

ክፍያ ስል የግድ ብር አይደለም። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከተረኝነት ላይ ተቀንሶ፣ በሥራ ሰዓት፣ ተቀምጦ የሚጠና ቢሆን በቂ ነው። ፊርማው ይቅርና በየሳምንቱ አሥር የትሪያጅ ወረቀት ከመዝገብ ተመዞ፣ ስም ተሸፍኖ፣ ሌላ ነርስ እንደገና ቀለም ትስጠው፤ የሁለቱ ቀለም ካልገጠመ እዚያ ላይ ይወያዩ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሐኪሙም ይቀመጥ። ፈቃድ ለማደስ ባለሙያው ተከታታይ ሥልጠና እንዲወስድ ደንብ አለን፤ ይኼ እዚያ ውስጥ ይቆጠርላት። የደም ግፊት መለኪያውና ቴርሞሜትሩ ደግሞ ይሥሩ፤ ይኼን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል፣ ግን ሰባቱን ነጥብ በአምስት መሣሪያ አልባ ግምት የሚሞላ ሰው ስንት እንዳለ የሠራበት ያውቃል።

ሥልጠና ብቻውን ምን እንደሚያመጣም ማጋነን አልፈልግም። ማላዊ ውስጥ ብላንታየር ከተማ በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የሆነው ነገር በዚህ ሙያ ያሉ ሁሉ የሚጠቅሱት ነው። አልጋ ይዘው ከሚታከሙ ሕፃናት የሚሞቱት ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው ወደ 6 እስከ 8 በመቶ ወረደ። ትሪያጅ ዋናው ነገር ነበር። ግን ሠራተኛውን ብቻ አይደለም ያስተማሩት። የክፍሉን አደረጃጀት ቀየሩ፤ በጠና የታመመው ሕፃን ከሌላው ጋር ተሰልፎ እንዳይቀር አድርገው አሰናዱት። ነርሷን አስተምሮ ወረፋውን እንደነበረ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

እህቴ ሰኞ ገባች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት «ሰው ሁሉ ቀይ ይመስለኛል» ትል ነበር። ሐሙስ ሌሊት አንዲት ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት በእግራቸው ገቡ። «ጨጓራዬ ነው የኔ ልጅ፣ የሚያስታግስልኝ ነገር ስጪኝና ልሂድ» አሏት። ድምራቸው 1 ነበር። የቃጠሎው ቦታ የት ነው ስትላቸው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ዘረጉት። «በእጅ አሳዩ የሚለውን አልነበር ማክሰኞ ዕለት የጠየቅከኝ?» አለችኝ በማግሥቱ። ብርቱካናማ ሰጠቻቸው። ሐኪሙ አላጉረመረመም፣ የልብ ምርመራው ተነሳ፣ ጠዋት በአምቡላንስ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተላኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አልሰማችም፤ የሚነግራት መንገድም የለም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የምደባ ዝርዝር ተለጠፈ። ትሪያጅ ላይ ሦስት ወር ቆይታለች፤ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ዓይን ክሊኒክ ናት። እሷን የምትተካው ከማዋለጃ ክፍል የመጣች ልጅ ናት። እህቴ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ልካላታለች፣ እኔና እሷ በየማታው የሠራናቸውን ጥያቄዎችም ጨምራ። ልጅቷ መልሳ የጻፈችው «ሲስተር፣ የሚጠይቀኝ ሰው ከየት ላምጣ?» የሚል ነው።